ትሪውን ከመለበጥዎ በፊት

የበረዶው ወራት ሊያበቃ ሲል፣ ሌሊቱ ውሃ እያረጋ ቀኑ ሞቅ ማለት ሲጀምር፣ በካናዳዋ ኩቤክና በአሜሪካዋ ቨርሞንት የሜፕል ዛፍ ግንድ ይበሳል። ከቀዳዳው የሚንጠባጠበው ፈሳሽ ሲያዩት ውሃ ነው፤ በውስጡ ያለው ስኳር 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ይህንኑ በሰፊ ትሪ ላይ ለሰዓታት እያንተከተኩ ስኳሩን ወደ 67 በመቶ ሲያደርሱት ሽሮፕ ይሆናል። አንድ ሊትር ሽሮፕ ለማግኘት 40 ሊትር ያህል ፈሳሽ መፍላት አለበት።

በጓሯቸው ሽሮፕ ከሚያፈሉት ሰዎች ብዙዎቹ ከአያት የተወረሰ ወይም ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ የተገዛ የብረት ትሪ አላቸው። ውስጡ በቆርቆሮ የተለበጠ ነው። ልብጡ ሲላጥና ዝገት ብቅ ሲል «ራሴ እቤቴ ልለብጠው እችላለሁ?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ይቻላል። ግን አስቀድሞ መታወቅ ያለበት አሮጌው ልብጥ ምን እንደሆነ ነው።

የትኛው ቆርቆሮ?

በእኛ አነጋገር ቆርቆሮ ሁለት ነገር ነው። ለቤት ጣሪያ የምንመታው ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ ብረት ነው። እዚህ የምንነጋገርበት ግን ነጭ፣ ለስላሳ፣ በ232 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚቀልጠው ማዕድን ነው። ልዩነቱን ማወቅ ለጤና ይጠቅማል፤ ዚንክ አሲድነት ባለው ምግብ ውስጥ ስለሚሟሟ፣ በዚንክ የተለበጠ ዕቃ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ያልተለበጠ ብረት ደግሞ ይዝጋል፤ ሽሮፑን ያጠቁረዋል፤ ጣዕሙንም ያበላሻል። ንጹሕ ቆርቆሮ ብረቱን ከፈሳሹ ይለያል፤ ጣዕምም አይጨምርም።

አደጋው እርሳስ ነው

ከድሮዎቹ ትሪዎች አንዳንዶቹ የተለበጡት እርሳስ በተቀላቀለበት ቆርቆሮ ነው። ውስጣቸው ንጹሕ ቆርቆሮ የሆኑትም ቢሆኑ መጋጠሚያቸው በእርሳስ የተጣበቀ ሊሆን ይችላል። እርሳስ የልጆችን አእምሮ እድገት ይጎዳል፤ ጉዳት አያደርስም የሚባል መጠንም አልተገኘለትም። የሜፕል ሥራ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል፦ 40 ሊትር ገብቶ አንድ ሊትር ሲወጣ ውሃው በእንፋሎት ይሄዳል፤ ከትሪው የተሟሟው እርሳስ ግን እዚያው ሽሮፑ ውስጥ ይቀራል።

ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠራን ትሪ፣ ተመርምሮ ነጻ እስኪባል ድረስ፣ እርሳስ እንዳለበት ቆጥሮ መነሳት ይበጃል። እርሳስ ከተገኘበት ላዩ ላይ አዲስ ቆርቆሮ መደረብ መፍትሔ አይደለም፤ ቆርቆሮው ሲቀልጥ ከሥሩ ካለው እርሳስ ጋር ይቀላቀላል። በሽቦ ብሩሽ መፋቅም አቧራውን ወደ ሳንባ ማስገባት ነው። እንዲህ ያለው ትሪ ከምግብ ሥራ ይውጣ፤ በምትኩ የማይዝግ ብረት ይገዛ።

አለባበጡ

ትሪው ከእርሳስ ነጻ ከሆነና ካልተበሳ፣ ሥራው ከቤት ውጭ፣ ነፋሱን ከጀርባ አድርጎ፣ በወፍራም ጓንትና በዓይን መከላከያ ይከናወናል። በመጀመሪያ ቅባቱ በሙቅ ውሃና በሶዳ ይታጠባል፤ ከዚያ ዝገቱ የሚያብረቀርቅ ብረት እስኪታይ ድረስ ይፋቃል። ቀጥሎ ዚንክ ክሎራይድ ያለበት ፈሳሽ ይቀባል፤ ይህ በሙቀት ብረቱ ላይ የሚፈጠረውን ስስ ቆዳ እያነሳ ቆርቆሮው እንዲይዝ ያደርጋል። ጭሱ ሳንባን ስለሚያቃጥል ወደ ውስጥ አይሳብ።

ከዚያ እሳቱ ከሥር፣ መዳፍ በሚያህል ቦታ ላይ ብቻ ይሰጣል። ትሪው ስስ ስለሆነ ሙቀቱ አንድ ቦታ ላይ ከበዛበት ይጣመማል። ከእርሳስ ነጻ የሆነውን የቆርቆሮ ዘንግ የጋለው ብረት ላይ ሲያሹት መጀመሪያ እንደ ጠመኔ ይፋቃል፤ ሙቀቱ ሲደርስ ጫፉ ድንገት ይለሰልሳል። ብረቱ ንጹሕ ከሆነ ጠብታው ተዘርግቶ እንደ መስታወት ያበራል። ካልጸዳ ግን በቅጠል ላይ እንዳለ ጤዛ ተሰብስቦ ይቀራል፤ ያን ጊዜ መድኃኒቱ እንደገና ማጽዳት እንጂ ቆርቆሮ መጨመር አይደለም። የቀለጠው በተጠቀለለ ደረቅ የጥጥ ጨርቅ በፍጥነት ይዳመጣል። ጨርቁ እርጥብ ከሆነ ቆርቆሮው ይፈናጠራል። ልብጡ ወደ ቢጫ ካደላ እሳቱ በዝቷል። ሲያልቅ ትሪው በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ ደጋግሞ ይታጠባል፤ ውሃ ይፈላበትና ይደፋል።

ልብጡን የሚያኖረው ፈሳሹ ነው

ሽሮፕ የሚደርሰው ከውሃ መፍያ በ4 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ፣ ማለትም በ104 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቆርቆሮ የሚቀልጠው በ232 ነው። ፈሳሹ ትሪውን እስከሸፈነ ድረስ ሙቀቱን ወስዶ በእንፋሎት ስለሚያወጣው ልብጡ ደህና ነው። ፈሳሹ ካለቀ ግን፣ ከሥሩ የሚነደው እሳት በደቂቃዎች ውስጥ ስኳሩን ያከስላል፤ የቀኑን ልፋት ሁሉ ያቀልጣል።

ስለዚህ ከትሪው ወለል በላይ ሁልጊዜ ሁለት ጣት ያህል ፈሳሽ ይኑር። ማፍላቱን ለመጨረስ ሲቃረቡ የወፈረውን ወደ ትንሽ ድስት ገልብጠው በቅርብ የሚቆጣጠሩት እሳት ላይ ይጨርሱት። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ፈሳሹ ሳያልቅ የጨመሩት አንድ ጣሳ ዳግም ከመለበጥ ያድናል።