የድድ ደዌ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

ከጉና ተራራ ተነሥቶ በላይ ጋይንትና በእስቴ ደጋ አልፎ ወደ ስማዳ ቆላና ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚወርደው አገር፣ ጥርሱን ያመመው ሰው እንቅልፍ ስለሚነሣው መድኃኒት ፍለጋ ይወጣል፤ ድዱ የሚደማው ግን ደሙን እንትፍ ብሎ ወደ ሥራው ይሄዳል። ይህ ደዌ ሲጀምር ሕመም የለውምና ብዙ ዘመን ተሸሽጎ ይኖራል፤ ገበሬው በጐልማሳነቱ አንድም ቀዳዳ የሌለውን ጥርስ በጣቱ ነቅሎ ሲጥል እርጅና የመጣበት ይመስለዋል።

ነገሩ ግን እርጅና አይደለም። ጥርስና ድድ በሚጋጠሙበት መስመር ላይ በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ተሕዋስያን እየተባዙ ልስልስ እድፍ ያበጃሉ፤ እድፉም ሳይነሣ ከሰነበተ በምራቅ ውስጥ ባለው ማዕድን እየጠጠረ ወደ ድንጋይነት ይለወጣል። ድዱ ይህን ለመከላከል ደም ይሞላል፣ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሲነኩትም ይደማል። በዚህ ደረጃ ከተደረሰበት ፍጹም ፈውስ አለው፤ ካለፈ ግን ድዱ ከጥርሱ እየተላቀቀ ይሄዳል፣ ጥርሱን የተሸከመውም አጥንት ይበላል፤ የተበላ አጥንት በራሱ ተመልሶ አይበቅልም። ትምባሆና የስኳር በሽታ ደግሞ ያፋጥኑታል። እ.ኤ.አ. በ1965 ሃራልድ ሎ የተባለው ሊቅ በዴንማርክ አገር ድዳቸው ጤነኛ የሆነ 12 ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲተዉ ቢያደርግ፣ ከ10 እስከ 21 ባሉት ቀናት የሁሉም ድድ ተቆጣ፤ ወደ ማጽዳቱ ሲመለሱ በሳምንት ገደማ ዳነ።

መከላከያውን የአገራችን ሰው ከደጁ አላጣውም። ከወይራ ወይም ከክትክታ የተቆረጠ መፋቂያ ጫፉ ታኝኮ ቃጫ ሲያወጣ፣ በአግባቡ ለያዘው ሰው ብሩሽን ይተካል፤ ጉድለቱ ያለው በአፋፋቁ ነው። አብዛኛው ሰው ሲስቅ የሚታየውን የፊት ጥርስ ወዲያና ወዲህ እየፈተገ ያነጣል፤ እድፉ ግን የሚሸሸገው በመንጋጋ፣ በጥርስ ጀርባና በድድ ጠርዝ ነው። ስለዚህ ቃጫው ከድዱ ጠርዝ ተነሥቶ የላዩን ወደ ታች፣ የታቹን ወደ ላይ በእርጋታ መጥረግ ይገባዋል፤ ጫፉ ሲሾልም ድድ ያቆስላልና ተቆርጦ እንደ ገና ይታኘካል። ደም ያዩ ብዙ ሰዎች መፋቁን ይተዋሉ፤ ይህ ደዌውን መቀለብ ነው፣ የሚደማው ስፍራ አብዝቶ መጽዳት አለበትና። ድንጋይ የሆነውን ግን መፋቂያ አያነሣውም፤ በመሣሪያ የሚያጥበው የጥርስ ሐኪም ነው፣ ለዚህም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞችን ያሠለጥናል።

ድድን መነቀስ ከዚሁ ጋር የሚነሣ ልማድ ነው። ነቃሿ ድዱን በመርፌ ወይም በእሾህ እየወጋች ጥላሸት ታሳድርበታለች፤ የጠቆረ ድድ ጥርስን አንጥቶ ስለሚያሳይ ለውበት ይወደዳል፣ እንዳይደማ መድኃኒት ነው የሚሉም አሉ። ውበትነቱን አልነቅፍም፤ መድኃኒትነቱን ግን አልቀበልም፤ ጥላሸቱ እድፉን አያነሣም፣ ይልቁንም የመጀመሪያ ምልክት የሆነውን መቅላት ይሸፍናል፣ አንዱ መርፌ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞርም በደም የሚተላለፍ ደዌ ያጋባል።

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ የሕፃናቱ ነገር ነው። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ድርቅ የሚደጋግማቸው፣ የሴፍቲኔት እህል ሲታደልባቸው የኖሩ ወረዳዎች ናቸው፤ በረኃብና በኩፍኝ አቅሙ የደከመ ሕፃን ድድ ላይ ደግሞ ኖማ የተባለው ደዌ ይነሣል። ይኸውም ከድድ ቁስል ጀምሮ በጥቂት ቀናት ጉንጭንና አጥንትን የሚበላ፣ ካልታከመ ከያዛቸው አብዛኞቹን የሚገድል ነው፤ የተረፉትም ፊታቸው ስለሚጎድል ከሰው ተሰውረው ይኖራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ከተዘነጉት የሐሩር አገር በሽታዎች መዝገብ አስገብቶታል። ከባሕር ማዶ የሚመጡ ቀዶ ሐኪሞች በአዲስ አበባ የብዙዎችን ፊት ጠግነዋል፤ ዳሩ ግን በጊዜ ከተደረሰበት አንቲባዮቲክ፣ አፍን በጨው ውኃ ማጠብና የሚያጠግብ ምግብ ይበቁታል። ስለዚህ አፉ የሚሸት፣ ድዱ የቆሰለና ጉንጩ ማበጥ የጀመረ ሕፃን፣ ጸበሉም ጸሎቱም ሳይቀርበት፣ በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት።