ውሃ የማያስገባው ፕላስተር ምን ያህል ውሃ ያስገባል?

የትርፍ አንጀት ኦፕራሲዮን በተደረግሁ በ10ኛው ቀን ክር ልታወጣልኝ የመጣችውን ነርስ መጀመሪያ የጠየቅኋት ስለ ሕመሙ አልነበረም። «ሲስተር፣ ገንዳ መግባት የምችለው መቼ ነው?» አልኳት። መቀሷን ሳታስቀምጥ ቀና ብላ አየችኝ። «ወንድሜ፣ ክር ወጣ ማለት ቁስል ዳነ ማለት መሰለህ?» አለችና የመጨረሻዋን ክር ቀጭ አድርጋ ሳበቻት።

እኔ ግን በልቤ መላ አዘጋጅቼ ነበር። መድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ «ውሃ የማያስገባ» ተብሎ የተጻፈበት፣ እንደ መስታወት ወዲያ ማዶ የሚያሳይ ስስ ፕላስተር አይቼ 5 ገዝቻለሁ። እሱን ለጥፌ ዋናዬን እቀጥላለሁ ብዬ ነው። ፕላስተሩን ቀረብ ብዬ ሳውቀው ወደድኩት፤ የወደድኩት ግን ለገዛሁበት ሥራ አይደለም።

ነገሩ ፖሊዩሬቴን ከሚባል ፕላስቲክ የሚሠራ፣ ከፀጉር የሳሳ ብርሃን አሳላፊ ሽፋን ነው። አንድ ፊቱ ሙጫ ተቀብቷል። ከወረቀቱ ሲላቀቅ ትንፋሽ እንኳ ያጥፈዋል፤ የመጀመሪያዬ እርስ በእርሱ ተጣብቆ የከረሜላ ልጣጭ መስሎ ቀረ። ጥበቡ ያለው በሚያሳልፈውና በማያሳልፈው ላይ ነው። የውሃ ጠብታና ባክቴሪያ አያሳልፍም፤ ከሰውነት የሚወጣ እንፋሎትና ኦክስጅን ግን ያሳልፋል። ብዙዎቻችን እግራችን ሲቆስል ፌስታል ጠቅልለን በላስቲክ አስረን እንታጠባለን። ፌስታል ውጪውንም ውስጡንም ስለሚዘጋ ቁስሉ በራሱ ላብ ይርሳል። ስሱ ፕላስተር ይተነፍሳል።

«ቁስል አየር ያግኝ፣ ይድረቅ» እየተባልን ነው ያደግነው። ሐኪሞችም ለረጅም ዘመን የሚሉት ይህንኑ ነበር። ነገሩን የገለበጠው ጆርጅ ዊንተር የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1962 ያወጣው ጥናት ነው። በአሳማ ቆዳ ላይ ጥልቀት የሌላቸው ቁስሎች አበጅቶ ገሚሶቹን ለአየር ተዋቸው፣ ገሚሶቹን በፕላስቲክ ሸፈናቸው። የተሸፈኑት በእጥፍ ገደማ ፈጥነው አዲስ ቆዳ ለበሱ። አዲሱ የቆዳ ሕዋስ ከቁስሉ ጠርዝ ተነሥቶ ወደ መሃል የሚሄደው እየዳኸ ነው። ወለሉ እርጥብ ከሆነ ይንሸራተታል፤ ደርቆ ቅርፊት ከሠራ ከቅርፊቱ ሥር እየቆፈረ ማለፍ አለበት። ስሱ ፕላስተር የዚህ ግኝት ልጅ ነው። እርጥበት ሲባል ታዲያ የቁስሉ የራሱ እርጥበት ነው እንጂ የገንዳ ውሃ አይደለም።

ሁለተኛውን ፕላስተር ደህና በሆነው ጭኔ ላይ ሞከርኩት። ቆዳዬን አጥቤ በደንብ አደረቅሁ፤ ሎሽንም ቫዝሊንም አልነካሁትም፣ ቅባት ካለ ሙጫው አይዝም። ፀጉሩን በምላጭ ሳይሆን በመቀስ አሳጠርኩ፣ ምላጭ ይጭራል። የሶፍት ቁራጭ አጥፌ ከሥር አስቀመጥኩና በዙሪያው 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ትቼ፣ ሳልወጥረው፣ ከመሃል ወደ ጠርዝ በአውራ ጣቴ እየዳበስኩ ለጠፍኩት። ሻወር ወሰድኩ። ሶፍቱ ደረቅ ነበር። ደስ አለኝ። ቀጥሎ ባኞ ሞላሁና 20 ደቂቃ ተቀምጬ፣ እንደሚዋኝ ሰው እግሬን እያጠፍኩ ዘረጋሁ። ብሽሽቴ አጠገብ፣ ቆዳው በሚታጠፍበት በኩል፣ ፕላስተሩ ላይ ክር የምታክል ሽብሽብ ተነሣች። በዚያች ክር ውሃው ሰተት ብሎ ገብቶ ሶፍቱ ገንፎ ሆኖ ነበር።

ፕላስተሩ ራሱ ቀዳዳ የለውም፤ የሚከዳው ጠርዙ ነው። ሆድ፣ ብሽሽት፣ ጉልበት፣ ብብት፦ ዋናተኛ የሚያንቀሳቅሳቸውና ቆዳ የሚታጠፍባቸው ቦታዎች ሁሉ የጠርዝ ጠላቶች ናቸው። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ሾልኮ የገባው ውሃ መውጫ የማያገኝ መሆኑ ነው። ያለ ፕላስተር የረጠበ ቁስል በፎጣ ይደርቃል። ከፕላስተር ሥር የታሰረ ውሃ ግን ቆዳውን ልብስ ስታጥብ እንደዋለች ሴት ጣት ነጭና ሽብሽብ ያደርገዋል፤ እንዲህ የላላ ቆዳ ደግሞ ለማመርቀዝ ቅርብ ነው። ስለዚህ ከሥሩ ውሃ ከታየ ያኔውኑ መነሣት አለበት። ሲነሣም ወደ ላይ አይነጠቅም፤ ጫፉን ይዞ ከቆዳው ጋር ትይዩ ወደ ጎን ሲለጥጡት ሙጫው በራሱ ይለቃል።

ሻወር ተፈቅዶ ገንዳ የሚከለከለው ለምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። በወጉ የተሰፋ ንጹሕ ቁስል ላዩ በ2 ቀን አካባቢ ይገጥማል፤ ብዙ ሐኪሞች ከ48 ሰዓት በኋላ ሻወር የሚፈቅዱት ለዚህ ነው። የሻወር ውሃ ነክቶ ይወርዳል። ገንዳ መግባት ግን መዘፍዘፍ ነው፤ ልብስ የምንዘፈዝፈው የያዘው እንዲለቅ አይደል?

ላዩ ገጠመ ማለት ደግሞ ውስጡ ጠነከረ ማለት አይደለም። በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ የተሰፋው ቆዳ ከቀድሞ ጥንካሬው 10 በመቶ እንኳ የለውም። በ3ኛው ሳምንት ከ20 እስከ 30 በመቶ፣ በ3 ወር 80 በመቶ ገደማ ይደርሳል፤ ሙሉው ፈጽሞ አይመለስም። ሆድ ሲቀደድ ከቆዳው ሥር ያለው የጡንቻ ሽፋንም ተሰፍቷል፤ ገንዳ ዳር ላይ እግር አስፈንጥሮ መነሣትና መጥለቅ የሚወጥሩት ያንን ስፌት ነው። በኦፕራሲዮን ለወለደች እናት ብዙውን ጊዜ 6 ሳምንት እንድትቆይ፣ ደሙም ፈጽሞ እንዲቆም ይነገራታል። ወንድ ልጅ ክርስትና ከሚነሣበት 40ኛ ቀን ጋር ሊገጥም ምንም አልቀረው፤ የአራስ ቤት ሥርዓታችን ሳናውቀው ጥሩ ሐኪም ነበር ማለት ነው። ጠገገ የሚባለው ቅርፊቱ በራሱ ረግፎ፣ ፈሳሹ ቆሞ፣ ጠርዙ የትም ሳይከፈት፣ ቀዶ ሐኪሙ አይቶ «ግባ» ሲል ነው። ቀይነቱ እየሰፋ፣ እየሞቀ፣ መግል ወይም ሽታ እያመጣ ከሆነ፣ ትኩሳትም ካለ፣ መሄድ ያለብን ወደ ሐኪም ነው።

ውሃም ከውሃ ይለያል። በደንብ የተያዘ የክሎሪን ገንዳ ከሁሉ ይሻላል። ዓይን የሚያቃጥል የክሎሪን ሽታ ግን የንጽሕና ምልክት አይደለም፤ ሽታው የሚመጣው ክሎሪኑ ከላብና ከሽንት ጋር ሲዋሐድ ነው። አፍንጫ የሚሰነፍጥ ገንዳ ብዙ ሰው የሸናበት ገንዳ ሊሆን ይችላል፤ እኔ እንዲህ ያለው ቤት ዳግም አልሄድም። ሶደሬና ወንዶ ገነት ሌላ ነገር ናቸው። «ፍል ውሃ ጀርም ይገድላል» ይባላል፤ ሰው ተቀምጦ የሚታገሠው ሙቀት ግን ጀርምም የሚታገሠው ነው፤ የፕላስተሩን ሙጫ ደግሞ ያላላል። ጣናና ዝዋይን በተመለከተ ቢልሃርዚያ ቁስል ፈልጎ የሚገባ አይደለም፤ ትሉ ጤነኛ ቆዳ ሰርስሮ ያልፋል፣ ሰውነትን በሙሉ ካልለጠፉ በቀር ፕላስተር አይመክተውም። ባሕር ዳርቻ አገር ያሉ ዘመዶቻችን ደግሞ «ጨው ቁስል ያደርቃል» ይላሉ። ሞቃት የባሕር ዳርቻ ውሃ ውስጥ፣ በተለይ ወንዝ ከባሕር በሚቀላቀልበት፣ ቪብሪዮ ቩልኒፊከስ የሚባል ባክቴሪያ ይኖራል፤ በቁስል ከገባ በቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል። የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናት ኦፕራሲዮን የተደረገ ሰው ቁስሉ ሳይድን እዚያ ውሃ እንዳይገባ የሚያስጠነቅቁት ለዚህ ነው።

ቁስሉ ከዳነ በኋላ ጠባሳው አንድ ጠላት ይቀረዋል፤ ፀሐይ። አዲስ ጠባሳ ፀሐይ ሲመታው ይጠቁራል፤ እስከ ዓመት ድረስ በልብስ ወይም በፀሐይ መከላከያ ክሬም መሸፈኑ ደግ ነው። እንደኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ኬሎይድም ይበዛል። ጠባሳው ከስፌቱ መስመር አልፎ እየሰፋና እየሳከከ ካበጠ ቶሎ ለቆዳ ሐኪም ማሳየት ነው።

እኔ በ7ኛው ሳምንት ገባሁ፣ ሐኪሜ ጎኔን ጫን ጫን አድርጎ ካየ በኋላ። የመጀመሪያውን ቀን ጥልቀት በሌለው በኩል ወዲያ ወዲህ ተራመድኩ እንጂ አልዋኘሁም። በሳምንቱ ግድግዳውን ሳልረግጥ ቀስ ብዬ 4 ዙር ሄድኩ። እየወጣሁ ጠባሳውን ታጠብኩ፣ በፎጣ ነካ ነካ አድርጌ አደረቅሁት፣ ክሎሪኑ እንዳያሳክከኝ ቫዝሊን ቀባሁት። የተረፉትን 3 ፕላስተሮች አዲስ ጫማ ተረከዟን ለላጣት ለእህቴ ልጅ ሰጠኋት።