ቍጥርን ወደ ድምፅ የሚመልስ መሣሪያ በቤት ውስጥ ስለ መሥራት

ድምፅ በተፈጥሮው እንደ ባሕር ሞገድ ሳያቋርጥ ከፍና ዝቅ ይላል። ኮምፒዩተር ግን ድምፅን የሚያኖረው በቍጥር ነው፤ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1982 ዓ.ም. ለገበያ የወጣው የሙዚቃ ሲዲ ድምፅን በየሰከንዱ 44,100 ጊዜ ለክቶ ይይዛል። ጆሮ ቍጥርን አይሰማምና፥ ቍጥሩን ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚመልስ አስተርጓሚ ያስፈልጋል።

ይህ አስተርጓሚ የረቀቀ ቢመስልም፥ ትንሹን ዐይነት አባትና ልጅ በቤታቸው ሊሠሩት ይችላሉ። በ1987 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጅ) ኮቮክስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ይህን የመሰለ ዕቃ ባወጣ ጊዜ፥ ብዙ ሰዎች ቀላልነቱን አይተው በየቤታቸው ሠርተውታል።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ሬዚስተር የሚባሉ፥ የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገቱ 16 ትንንሽ ዕቃዎች ይፈለጋሉ፤ 7ቱ ባለ 10,000 ኦም፥ 9ኙ ባለ 20,000 ኦም ይኹኑ። 7ቱ በተርታ ተበይደው እንደ መሰላል ቋሚ ይኾናሉ። ከ9ኙ 8ቱ በየመጋጠሚያውና በኹለቱ ጫፎች ገብተው ከኮምፒዩተሩ የሚመጡትን 8 ሽቦዎች ይቀበላሉ፤ የቀረው አንዱ የታችኛውን ጫፍ ከመሬት መስመር ጋራ ያገናኛል። ድምፁ ከላይኛው ጫፍ ይወጣል። የላይኛው ደረጃ የኀይሉን እኩሌታ፥ ተከታዩ ሩቡን እያለ፥ የመጨረሻው ከ256 አንዱን እጅ ይሰጣል።

ከኹሉ በፊት ግን ሬዚስተሮቹን በመለኪያ መመርመር ይገባል። የላይኛው ከልኩ በመቶ አንድ እጅ ብቻ ቢበልጥ፥ ሌሎቹ ኹሉ ትክክል ቢኾኑ እንኳ፥ 128 የሚለው ቍጥር ከ127 ያነሰ ኀይል ይሰጣል፤ ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ድምፁ ይሻክራል። በታችኛው ደረጃ ያለ ያው ጕድለት ግን በጆሮ አይታወቅም። ስለዚህ እጅግ የተስተካከለው ተመርጦ በላይ ይቀመጥ። ከፍ ባለ ስፍራ ያለ ጥቂት ቢያጓድል ጥፋቱ ለኹሉ እንደሚተርፍ ልጅ በዚህ በእጁ ዳስሶ ይማራል።

መበየጃው ብረት ያቃጥላል፤ ጢሱም ለሳንባ አይበጅምና መስኮት ይከፈት። 5 ቮልት ስለሚበቃ የግድግዳው ኤሌክትሪክ አይነካ። የሚወጣውም ኀይል ደካማ ነውና በድምፅ ማጉያ በኩል ይሰማ።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በዐዋጅ ከልክለው ነበር። ልጃችን ከሽቦና ከብረት ጋራ ሲታገል ብናየው፥ እንደ ውርደት ሳንቈጥር ከአጠገቡ ተቀምጠን መለኪያውን እንያዝለት።