ሻምፒዮኑን የበተነው ሽንፈት ነው ወይስ ሒሳብ?

የአሜሪካው ቦስተን ሴልቲክስ እ.ኤ.አ. በ2024 ዳላስን 4 ለ 1 አሸንፎ 18ኛውን የኤንቢኤ ዋንጫ ሲያነሳ፣ ቡድኑ ለበርካታ ዓመታት የሚደፍረው አይኖርም የሚል ግምት ነበር። አንድ ዓመት እንዳለፈ ግን ያ ቡድን ፈርሷል። በ2025 የክረምት ወራት ከዋንጫው ዋነኛ ባለቤቶች መካከል አራቱ ወደተለያዩ ከተሞች ተሰነባብተዋል። ለመሆኑ ሻምፒዮኑን እንዲህ የበተነው ምንድነው?

ብዙዎች ምክንያቱን በሜዳ ላይ ሽንፈት ይፈልጉታል። በመደበኛው ውድድር 61 ጨዋታ አሸንፎ 21 ብቻ የተረታው ቦስተን፣ በግንቦት 2025 በምሥራቅ ምድብ ግማሽ ፍፃሜ በኒውዮርክ ኒክስ 4 ለ 2 ተሸንፎ ከውድድሩ ተሰናብቷል። በገዛ ሜዳው ያደረጋቸውን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች በ20 ነጥብ ከመራ በኋላ ነበር አሳልፎ የሰጠው። በአራተኛው ጨዋታ ደግሞ 42 ነጥብ ያስቆጠረው ጄይሰን ታተም፣ አኪለስ የሚባለው የተረከዝ ጅማቱ ተበጥሶ በሰው ድጋፍ ከሜዳ ወጣ። በስድስተኛው ጨዋታ ኒክስ 119 ለ 81 በሆነ ውጤት ነገሩን ደመደመው።

ይሁን እንጂ ሽንፈቱም ሆነ ጉዳቱ የተከተለውን መበተን አፋጠነው እንጂ አልወለደውም። ምክንያቱ የተጻፈው ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ሊጉና የተጫዋቾች ማኅበሩ በ2023 በተስማሙበት የኅብረት ስምምነት ላይ ነው።

የአውሮፓን እግር ኳስ ለሚከታተል አንባቢ ይህ አሠራር እንግዳ ሊሆን ይችላል። በእግር ኳሱ ገንዘብ ያለው ክለብ የፈለገውን ተጫዋች ከፍሎ ይወስዳል። በኤንቢኤ ግን ተጫዋች በዋናነት የሚዘዋወረው በልውውጥ ነው፤ የሚሰጠውና የሚመጣው ደመወዝም ተቀራራቢ መሆን ይኖርበታል። ከዚህም በላይ ሁሉም ክለብ አንድ ዓይነት የደመወዝ ጣሪያ አለበት። ይህ ጣሪያ ለ2025-26 የውድድር ዘመን 154.6 ሚሊዮን ዶላር ነበር።

ጣሪያ ይባል እንጂ ፈጽሞ የማይታለፍ አይደለም። ክለቦች የራሳቸውን ተጫዋቾች ለማቆየት ሲሉ እንዲያልፉት ይፈቀድላቸዋል። በ2025-26 ከ187.9 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲወጡ ግን የቅንጦት ግብር ይጠየቁ ነበር። ከዚያም አልፎ በዚያው ዘመን 207.8 ሚሊዮን ዶላር ላይ አሜሪካኖቹ “ሁለተኛው ኤፕረን” የሚሉት ወሰን ነበር። ቦስተንን ያስጨነቀው ይኸኛው ነው።

ሁለተኛውን ወሰን ያለፈ ክለብ ቅጣቱ ገንዘብ ብቻ አይደለም። የሁለት ተጫዋቾችን ደመወዝ ደምሮ አንድ ውድ ተጫዋች ማምጣት አይችልም። በልውውጥ ላይ ጥሬ ገንዘብ መጨመር አይፈቀድለትም። ለነፃ ተጫዋቾች የሚሰጠው የተለመደ የመካከለኛ ደመወዝ ዕድልም ይዘጋበታል። ይባስ ብሎ ከሰባት ዓመት በኋላ የሚደርሰው የአንደኛ ዙር የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ መብቱ ይታገዳል፤ በቀጣዮቹ አራት ዓመታት ውስጥ ሁለት ጊዜ ከወሰኑ በላይ ከሆነ ደግሞ ያ መብት ወደ ዙሩ መጨረሻ ይወረወራል። በአጭሩ ባለጸጋ የሆነ ባለቤት ግብሩን ሊከፍል ይችላል፤ የታሰረ እጁን ግን በገንዘብ ሊያስፈታ አይችልም።

አሁን ሒሳቡን እንመልከት። ለ2025-26 ታተም 54.1፣ ጄይለን ብራውን 53.1፣ ጁሩ ሆሊደይ 32.4፣ ክሪስታፕስ ፖርዚንጊስ 30.7፣ ዴሪክ ዋይት 28.1 ሚሊዮን ዶላር ይከፈላቸው ነበር። የአምስቱ ድምር 198.4 ሚሊዮን ይሆናል። ይኸውም ብቻውን ከግብሩ መስመር ያልፋል። እስከ ሁለተኛው ወሰን የሚቀረው 9.4 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ በእሱ ሌሎች ዘጠኝ ያህል ተጫዋቾችን መቅጠር ያስፈልጋል። ከዚህም ሌላ ቦስተን በተከታታይ ግብር ከፋይ ስለነበረ የደጋጋሚ ቅጣት ይጠብቀው ነበር፤ ለመጀመሪያው የትርፍ እርከን እንኳ በእያንዳንዱ ዶላር 3 ዶላር፣ ከዚያ በላይ ደግሞ እየጨመረ የሚሄድ። ቡድኑ እንዳለ ቢቀጥል ደመወዝና ግብሩ ተደምሮ ወደ ግማሽ ቢሊዮን ዶላር እንደሚጠጋ በስፋት ተዘግቦ ነበር።

ይህን ያህል ወጪ ለዋንጫ ቢሆን ምናልባት ይታሰብ ነበር። ታተም አብዛኛውን የውድድር ዘመን ከሜዳ ውጪ እንደሚያሳልፍ ሲታወቅ ግን ሒሳቡ ትርጉም አጣ። በመሆኑም የክለቡ የቅርጫት ኳስ ኃላፊ ብራድ ስቲቨንስ አልዘገዩም። ሆሊደይ ወደ ፖርትላንድ ሄዶ በምትኩ አንፈርኒ ሳይመንስ መጣ። የ35 ዓመቱ ሆሊደይ ውል እስከ 2028 የሚዘልቅ ሲሆን፣ የ26 ዓመቱ ሳይመንስ ውል ግን በ2026 የሚያበቃ መሆኑ የልውውጡን ዓላማ ይነግረናል። ፖርዚንጊስ በሦስት ክለቦች ስምምነት ወደ አትላንታ ተሸኘ። ውላቸው ያበቃው አል ሆርፎርድና ሉክ ኮርኔትም አንደኛው ወደ ጎልደን ስቴት፣ ሁለተኛው ወደ ሳን አንቶኒዮ አቀኑ። ክለቡም ከሁለተኛው ወሰን በታች ወረደ።

ታዲያ የቦስተን አመራር ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ነበር? አይመስልም። ፖርዚንጊስንና ሆሊደይን በ2023 ሲያመጡ አዲሱ ስምምነት ምን እንደሚያስከትል ያውቁ ነበር። ገደሉን እያዩ ሳሩን በሉት ማለት ይቀላል። በእጃቸው ላይ የቀረችው የ2024 ዋንጫ ዋጋዋ ይኸው ነው።

የደንቡ ደጋፊዎች ሊጉ ከዚህ ተጠቅሟል ይላሉ። በእርግጥም ከ2019 እስከ 2025 ድረስ በሰባት ዓመታት ሰባት የተለያዩ ክለቦች ዋንጫ አንስተዋል፤ ምንም እንኳ ጥብቁ ደንብ የወጣው ከእነዚህ ዓመታት አጋማሽ በኋላ ቢሆንም። በትንሽ ከተማ የሚገኘው ኦክላሆማ ሲቲም በ2025 ሻምፒዮን ሆኗል። ተቃዋሚዎቹ በበኩላቸው ደንቡ የሚቀጣው ገንዘብ የበተነውን ብቻ ሳይሆን በብልሃት ቡድን የገነባውንም ጭምር ነው ባይ ናቸው። ብራውንና ታተም በቦስተን ተመርጠው በቦስተን ያደጉ ናቸው፤ ደመወዛቸው የናረውም ጥሩ ተጫዋች ስለሆኑ ነው።

ጥያቄው የቦስተን ብቻ ሆኖ አይቀርም። ኦክላሆማ ሲቲ ዋንጫውን ባነሳ በሳምንታት ውስጥ ለሻይ ጊልጀስ አሌክሳንደር፣ ለጄይለን ዊሊያምስና ለቼት ሆልምግሬን ከፍተኛ ውል ሰጥቷል። ደመወዛቸው አንድ ላይ የሚደመርበት ቀን ሲደርስ እነሱም ከዚያው ወሰን ፊት መቆማቸው አይቀርም። በዛሬው ኤንቢኤ ሻምፒዮን ለመሆን ተጋጣሚን ማሸነፍ ይበቃል፤ ሻምፒዮን ሆኖ ለመቆየት ግን የሒሳብ ሠራተኛውንም ማሸነፍ ይጠይቃል።