በዳገት ላይ የሚንቀጠቀጥ መኪና፦ የምርመራ ቅደም ተከተል



የዛሬው ርእሴ ነዳጅ ሲሰጡት የሚንቀጠቀጥ መኪና ነው። ቤተ ሙከራችን ከዚህ ከአምስት ኪሎ ሩቅ አይደለም፤ ከቴዎድሮስ አደባባይ ተነሥቶ ፒያሳ ማዘጋጃ ቤት ፊት የሚያደርሰው የቸርችል ጎዳና አቀበት ነው። በሜዳ ላይ በሰላም የሚሄድ መኪና እዚያ ሲደርስ መሪውና ወንበሩ ይርገፈገፋል። ባለቤቱ ካንዴላ ያስቀይራል፤ አይሻለውም። ኮይል ያስቀይራል። ከዚያም ሶማሌ ተራ ወርዶ ያገለገለ ሴሚያስ ይገዛል። ይህን ምርመራ ብሎ መጥራት ይከብደኛል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያሉን መኪናዎች ገና ብዙ ዓመት አብረውን ይቆያሉ፤ በግምት መጠገን የሚያስከፍለውም ዋጋ በዚያው ልክ ይከብዳል።

አስቀድሜ አንድ የተለመደ ሰበብ ላንሣ። «ከፍታው ነው» ይባላል። ፒያሳ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ይሁን እንጂ ጉድለቱ ለአራቱም ሲሊንደሮች እኩል ይደርሳል። እኩል የደከሙ ሲሊንደሮች መኪናውን ያዘገዩታል እንጂ አያንቀጠቅጡትም። በከፊል ነጻ የማደርጋቸው ካርቡሬተር ያላቸውን አሮጌ ላዳዎች ነው፤ ለቆላ አየር የተመጠነ ካርቡሬተር በደጋ ቤንዚን ስለሚያበዛ ካንዴላው ጥላሸት ለብሶ እሳት ሊነሣው ይችላል።

ዋናው ጥያቄ መንቀጥቀጡ የማንን ዙር ይከተላል የሚለው ነው። በአራት ሲሊንደር ሞተር እያንዳንዱ ሲሊንደር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ይነድዳል። አንዱ ካልነደደ በየሁለት ዙሩ አንድ ባዶ ምት ይፈጠራል፤ ሞተሩ በደቂቃ 2,400 ጊዜ ሲዞር ይህ በሰከንድ 20 ምት ማለት ነው። በአንጻሩ የትንሽ አውቶሞቢል ጎማ ዙሪያው 1.8 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ በሰከንድ 5 ጊዜ ገደማ ይዞራል። አምስቱ ያወዛውዛል፣ ሃያው ይነዝራል፤ ሁለቱን መሪ የጨበጠ እጅ ራሱ ይለያቸዋል። እንደ ሃይስ ባሉት፣ የኋላ ጎማቸው በሚጎትታቸው ሚኒባሶች ግን ካርዳኑ ከጎማው 4 እጥፍ ያህል ስለሚፈጥን የእርሱም ምት ወደ 20 ይጠጋል። ያን ጊዜ እጅ ይታለላል።

ስለዚህ ማርሽ እንለውጣለን። መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት ያንኑ አቀበት በዚያው ፍጥነት አንድ ጊዜ በሁለተኛ፣ አንድ ጊዜ በሦስተኛ ማርሽ መውጣት ነው። ምቱ ከማርሹ ጋር ከተለወጠ ጥፋቱ ከሞተሩ ዘንድ ነው። ካልተለወጠ ከካምቢዮ ወዲያ ነው፤ እግርን ከነዳጅ መስጫው ማንሣት ይከተላል። ወዲያውኑ ከቆመ የተበላ የሴሚያስ መጋጠሚያ ወይም ክሮቼራ እንጠረጥራለን፤ ከቀጠለ የጎማውን ሚዛን፣ የቸርኬውን መጣመምና የካርዳኑን ሚዛን እናያለን። (ካንዴላ፣ ካምቢዮ፣ ክሮቼራ፦ የጋራዣችን መዝገበ ቃላት ልክ እንደ ፒያሳ ስም ከጣልያንኛ የወረስነው ነው።)

በሞተሩ በኩል ያለውን ጠለቅ ብለን እንየው። በካንዴላው ጫፎች መካከል ያለው ክፍተት ብዙ ጊዜ ከ0.8 እስከ 1.1 ሚሊ ሜትር ነው። ብልጭታው ይህን ክፍተት እንዲሻገር የሚያስፈልገው ቮልቴጅ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው አየር በታመቀ መጠን ይጨምራል። ነጂው ዳገት ላይ ነዳጅ መስጫውን ሲረግጥ ብዙ አየር ገብቶ ይታመቃል፤ ኮይሉም ከአሥር ሺህ ቮልት በላይ እንዲያመነጭ ይጠበቅበታል። ካንዴላው ተበልቶ ክፍተቱ ከሰፋ ወይም የኮይሉ ላስቲክ ከተሰነጠቀ፣ ኤሌክትሪኩ የሚቀልለውን መንገድ መርጦ በስንጥቁ ወደ ሞተሩ አካል ያመልጣል። በሜዳ ላይ ጤነኛ የሚመስለው ሞተር ዳገት ላይ የሚታመመው በዚህ ምክንያት ነው። አየር የሚያስገባ የተቀደደ ቱቦ ግን ጠባዩ ተቃራኒ ነው፤ መኪናው ቆሞ ሳለ ያንቀጠቅጣል፣ ነዳጅ ሲሰጡት ይቀልላል።

የመመርመሪያው ኮምፒውተር ፒ0301 የሚል ኮድ ቢያወጣ የመጀመሪያው ሲሊንደር እንዳልነደደ ይነግረናል፤ ለምን እንደሆነ አይነግረንም። ብዙ ባለሙያ እዚህ ላይ ቸኩሎ ኮይል ያዝዛል። እኔ የምመክረው የአንደኛውን ኮይል ከሦስተኛው ጋር ማቀያየር ነው፤ ይህ አንድ ብር አያስወጣም። ኮዱ ወደ ፒ0303 ከተዛወረ ጥፋተኛው ኮይሉ ነው። ካልተዛወረ ካንዴላዎቹን፣ ከዚያም ኢንጀክተሮቹን በዚያው መንገድ ማቀያየር ይገባል። አሁንም ጥፋቱ ከቦታው ካልተነቃነቀ የኮምፕሬሽን መለኪያ ይቀርባል። የካንዴላው ጉድጓድ ዘይት አቁሮ ከተገኘ ደግሞ ዘይቱን የሚያፈስሰው የሞተር ክዳን ላስቲክ መለወጥ አለበት፤ አለዚያ አዲሱም ኮይል ብዙ አይቆይም።

የሞተር ምልክት መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ መንዳት ግን መቆም አለበት። ያልነደደው ቤንዚን በጭስ ማውጫው መስመር ላይ ወዳለው ካታሊስት ይደርስና እዚያ ይነድዳል፤ ካታሊስቱም ቀልጦ ሊደፈን ይችላል። አንድ ካንዴላ የሚፈታው ችግር ከካንዴላው ብዙ እጥፍ ዋጋ ያለውን ዕቃ ይዞ የሚጠፋው እንዲህ ነው።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።