የጢያ ድንጋይ የማን ነው?

ታሪክ ሲወሳ ከፊት የሚሰለፉት ዘወትር ነገሥታትና የጦር አበጋዞች ናቸው። ድንጋዩን ከካባ ፈልፍሎ ያወጣው፣ ጎትቶ ያመጣው፣ ጠርቦ የተከለው ሠራተኛ ግን ስሙ አይነሣም። ይህ የአመለካከት ጉድለት ምን ያህል ሥር የሰደደ መሆኑን ለመገንዘብ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ከንፋስ ስልክ ላፍቶ ተነሥቶ በጀሞ በኩል ከተማውን የለቀቀና በዓለም ገና የቡታጅራን መንገድ የያዘ ሰው ምስክሮቹን በሜዳ ላይ ቆመው ያገኛቸዋል።

እኛም በአንድ የዕረፍት ቀን ከሠፈር ማኅበር አባላትና ከጥቂት የግንባታ ሠራተኞች ጋር ይህንኑ መንገድ ተከተልን። ከመካከላችን ለለቅሶና ለመስቀል በዓል በዚሁ ጎዳና ሲመላለሱ የኖሩ ነበሩ። ይሁን እንጂ ከመኪና ወርደው ድንጋዮቹን ያዩ አልነበሩም።

ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዝን ከአዋሽ ወንዝ ዳር መልካ ቁንጡሬ ደረስን። ስፍራው ለሳይንስ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1963 ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ቁፋሮውን ለብዙ ዓመታት መርተዋል። በዚህ ሸለቆ የሰው ዘር ቀደምቶች ወደ ሁለት ሚሊዮን ለሚጠጋ ዘመን ድንጋይ እየፈለጡ የምርት መሣሪያ ሠርተዋል። ሲምቢሮ በተባለው ስፍራ ከ1.2 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ከነበረ የአፈር ንብርብር ከወጡት 578 መሣሪያዎች መካከል ከሦስቱ በቀር ሁሉም ከባልጩት የተሠሩ ናቸው፤ ተመራማሪዎችም ቦታውን የመሣሪያ መሥሪያ ነበር ይሉታል። ጎምቦሬ ላይ ደግሞ የ700 ሺህ ዓመት ዕድሜ ያለው የእግር ዱካ ተገኝቷል፤ ከአዋቂዎቹ ዱካ ጎን የሕፃናት ዱካ አለ። ሥራ ባለበት ልጅም ነበር፤ ሙያም ከትልቅ ወደ ትንሽ የተላለፈው በዚህ ዓይነት ኑሮ ውስጥ ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

ድንጋዩ የሚወጣበት መንደር ስሙ ራሱ ባልጩት ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ አንዳንድ አካባቢዎች ቆዳ የሚያለፉ ሙያተኞች ከዚሁ ዓይነት ድንጋይ በሠሩት መፋቂያ ሲጠቀሙ እስከ ቅርብ ዘመን መቆየታቸው በጥናት ተመዝግቧል። እንግዲህ እጅግ ጥንታዊ የሆነውን የሰው ልጅ ጥበብ ጠብቀው ለእኛ ያደረሱት እነዚህ ሰዎች ናቸው። ኅብረተሰቡ የሰጣቸው ዋጋ ምን ነበር? «ፋቂ» የሚል ስድብ! ብረት ሠሪውም «ቀጥቃጭ» ተብሎ ተዋርዷል፤ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋም ከንቀት አላመለጡም። በአጼ ምኒልክ ዘመን ሠራተኛን መስደብ በአዋጅ ተከልክሎ ነበር፤ ሆኖም ስድቡ ከአዋጁ በኋላም ኖረ። ንቀት በኅሊና ውስጥ ካልተነቀለ በወረቀት ብቻ እንደማይወገድ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

ጉዟችንን ቀጥለን በሶዶ ጉራጌ ከምትገኘው ጢያ ስንደርስ ፀሐይ አጋድላ ነበር። በሣር በተሸፈነው ገላጣ መስክ ላይ 36 ትክል ድንጋዮች አሉ። 32ቱ የሰይፍ፣ የክብና ቅጠል የሚመስል ቅርጽ ተቀርጾባቸዋል። የአብዛኞቹ ምልክቶች ትርጉም ገና አልተፈታም። ከሥራቸው የሰው መቃብር ተገኝቷል። ከጓደኞቻችን አንዱ፣ ዕድሜውን በድንጋይ ጠረባ ያሳለፈ ሠራተኛ፣ በአውራ ጣቱ የአንዱን ሰይፍ ቅርጽ ከላይ እስከ ታች ተከተለው። ምንም አልተናገረም። የመሮውን አካሄድ ግን ከማናችንም ይልቅ እርሱ እንዳወቀው ተረዳን።

በአካባቢው እነዚህ ድንጋዮች «የግራኝ ድንጋይ» ሲባሉ ኖረዋል። አባባሉ ከክፋት የመነጨ አይደለም፤ ትልቅ ሥራ ሲታይ ትልቅ ስም የመፈለግ ልማድ ውጤት ነው። የኢማም አህመድ ኢብን ኢብራሂም ዘመቻ ግን ከ1521 እስከ 1535 ዓ.ም. የተካሄደ ሲሆን፣ ቁፋሮው እንዳረጋገጠው መቃብሮቹ ከዚያ ቢያንስ በሁለት መቶ ዓመት ይቀድማሉ። ስለዚህ ሥራው የጦር መሪ ሥራ ሳይሆን፣ ሙታኑን ለማክበር ተባብሮ የደከመ የአንድ ማኅበረሰብ የጉልበት ፍሬ ነው። ሠሪውን «ፋቂ» ብሎ ማዋረድና የሠሪውን ድንጋይ ለድል አድራጊ መስጠት የአንድ ሥር ሁለት ቅርንጫፎች ናቸው።

ጢያ በ1972 ዓ.ም.፣ መልካ ቁንጡሬና ባልጩት ደግሞ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ነገር ግን በሶዶ ከታወቁት ወደ 160 ከሚጠጉ ጥንታዊ ስፍራዎች ውስጥ ይህን ክብር ያገኘችው ጢያ ብቻ ናት። በእርሻና በግጦሽ መሬት መካከል የቆሙትና የወደቁት ሌሎቹ ለማረሻ፣ ለከብትና ለቤት መሠረት ድንጋይ ለሚፈልግ እጅ የተጋለጡ ናቸው። አንድ ጊዜ የተሰበረ ትክል ድንጋይ ተመልሶ አይተከልም።

በመሆኑም የሠፈር ማኅበራትና እድሮች ልጆቻቸውን ይዘው ወደዚህ መንገድ ይውጡ። ከመልካ ቁንጡሬ አንዲት ስባሪ ባልጩት እንኳ በኪስ ይዞ መመለስ ከታሪክ መጽሐፍ ገጽ መቅደድ መሆኑን ያስተምሯቸው። ከሁሉ በላይ ግን ወደ ቤት ሲመለሱ፣ በየመንገዱ ዳር ተቀምጦ ድንጋይ የሚጠርበውን ሠራተኛ ሰላም ይበሉት። የጢያን ድንጋይ ያቆመው የእርሱ የሙያ አባት ነውና።