ሰንሰለቱ የቱ ጋ ተበጠሰ?

ከጨንቻ ወይም ከቦንኬ ደጋ ወርዶ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር የደረሰ ባለጉዳይ መስኮቱ ጋ ሲቀርብ «ሲስተም የለም» ይባላል። በከተማዋ ገበያው ታች ሲቀላ፣ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ በአመዛኙ ላይ ሴቻ ነውና ብዙ ሰው ዳገቱን የሚወጣው ለዚያች አንዲት ጉዳይ ብሎ ነው። የተነገረው ነገር ችግሩ የት እንዳለም ሆነ መቼ እንደሚፈታ አያስረዳውም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም መስመሩ የት ላይ እንደቆመ ማወቅ ይቻላል፤ በፕሮክሲዎች በኩል የሚያልፍ ከሆነ ፍለጋው ከእነሱ ይጀምራል።

ፕሮክሲ ሰርቨር በተጠቃሚውና በሚፈልገው ድረ ገጽ መካከል ሆኖ ጥያቄ የሚያደርስ፣ መልስ የሚያመጣ ኮምፒውተር ነው። ማን ምን መክፈት እንደሚችል ይወስናል፤ ተደጋግሞ የሚፈለግ ገጽ ሲኖር ቅጂውን አስቀምጦ ጠባብ መስመር ይቆጥባል። በዚህ ሥራ ስመ ጥር የሆነው ነጻ ፕሮግራም ስኩዊድ የተጀመረው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው፤ በአገራችን ኢንተርኔት የተከፈተው በማግስቱ ዓመት ነበር።

አንዱ ፕሮክሲ ራሱ ወደ ውጭ ሳይወጣ ጥያቄውን ለሌላ ፕሮክሲ ሲያቀብል ሰንሰለት ይሆናል። ለምሳሌ ሴቻ ያለ የአንድ ተቋም ቅርንጫፍ እንውሰድ። የሠራተኛው ኮምፒውተር ግቢው ውስጥ ላለው ፕሮክሲ ይሰጣል፤ እሱ አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ላለው ያስተላልፋል፤ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው ይህ ሁለተኛው ብቻ ነው። ሠራተኛው የሚያውቀው የቅርቡን ቀለበት ስለሆነ፣ ጥፋቱ አዲስ አበባ ቢሆንም የሚወቀሰው የግቢው አይቲ ነው።

ብዙዎች መጀመሪያ የሚሞክሩት ፒንግ ነው። ፒንግ የሚናገረው ማሽኑ መብራት እንዳለውና መንገዱ እንዳልተዘጋ ነው። ማሽኑ እየመለሰ ስኩዊድ ግን ቆሞ ሊሆን ይችላል፤ ፋየርዎል ፒንግን ከልክሎ ፕሮክሲው ደኅና የሚሠራበት ጊዜም አለ። ስለዚህ እያንዳንዱን ቀለበት በሥራው መጠየቅ ይሻላል፦ ፖርቱ ይከፈታል? በስኩዊድ የተለመደው 3128 ነው። ያስገባኛል? ጥያቄዬን አድርሶ መልስ ያመጣል? ከርል የተባለው ትንሽ ፕሮግራም ለሦስቱም ይበቃል፤ በየትኛው ፕሮክሲ በኩል እንዲያልፍ ነግሮ አንድ ገጽ ማስጠየቅ ነው።

የሚረሳው ነገር የሚጠየቅበት ቦታ ነው። የአዲስ አበባውን ፕሮክሲ ከራስ ጠረጴዛ መሞከር ሌላ መንገድ መሞከር ነው፤ እዚያ የሚፈቀደው የግቢው ፕሮክሲ አድራሻ ብቻ ከሆነ የደጁ መዘጋት ብልሽት አይደለም። የግቢው ፕሮክሲ ላይ ገብቶ ከዚያ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የስሕተት ቁጥሮችም ብዙ ያወራሉ። 407 የይለፍ ቃል ጥያቄ ነው፤ ቁጥሩ ከመጣ ፕሮክሲው በሕይወት አለ ማለት ነው። 504 ደግሞ «ከእኔ ወዲያ ያለው በጊዜ አልመለሰልኝም» ነው። ስኩዊድ በስሕተት ገጹ ግርጌ ገጹን ያዘጋጀውን ሰርቨር ስም ይጽፋል። የሴቻው ስም ከሰፈረ ሴቻ ደኅና ነው፣ ዝምታው ከእሱ በላይ ነው። የአዲስ አበባው ከሰፈረ ሁለቱም ደኅና ናቸው፤ ፍለጋው ወደ ውጪው መስመር ወይም ወደ ድረ ገጹ ይዞራል። በኤችቲቲፒኤስ ግን ብሮውዘሩ ያንን ገጽ ሸሽጎ የራሱን ስለሚያሳይ ወደ ከርል መመለስ ግድ ነው።

መልእክቱ ራሱ ያለፈበትን ይመዘግባል። «ቪያ» በተባለው መስመር ላይ እያንዳንዱ ፕሮክሲ ስሙን ያክላል፤ ደብዳቤ በየቢሮው ማኅተም እንደሚያርፍበት። አንድ ፕሮክሲ የራሱን ስም እዚያ ካገኘ ጥያቄው ክብ እየዞረ ነው። ሁለት ሰርቨሮች በስንፍና አንድ ስም ቢሰጣቸውም ያው ማስጠንቀቂያ ይመጣል።

የተቀመጠው ቅጂ አሳሳች ነው፤ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መስመር ተቆርጦ ሳለ ትናንት የታየው ገጽ ከግቢው ማከማቻ ወጥቶ «ይሠራል» ያሰኛል። በግቢው ፕሮክሲ መዝገብ (ሎግ) ላይ «ሂት» የሚል ከታየ ፈተናው ከግቢ አልወጣም።

መዘግየት ሲኖር «ሩቅ ስለሆንን ነው» ማለት ይቀናናል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በአንድ ሚሊሰከንድ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ 500 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ 5 ሚሊሰከንድ ነው። ሰከንዶች የሚጠፉ ከሆነ ተጠያቂው ርቀቱ አይደለም፤ የተጨናነቀ መስመር ወይም የደከመ ሰርቨር ይፈለግ።

ፍተሻው በየጥቂት ደቂቃው በራሱ እንዲካሄድና የእያንዳንዱ ቀለበት ውጤት ለየብቻ እንዲመዘገብ ማድረግ ከባድ ሥራ አይደለም፤ የመስኮቷ ሠራተኛም «መስመሩ ከዋናው መሥሪያ ቤት ወዲያ ነው የቆመው» ማለት ትችላለች። አስቀድሞ ግን ሰዓቶቹ ይስተካከሉ። ባለጉዳዩ «ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቆመ» ይላል፤ የአገር ውስጥ ሰዓት የተሞላለት ሰርቨር 9፡00 ብሎ ይጽፈዋል፤ በዓለም አቀፉ ሰዓት (ዩቲሲ) የሚሄደው ደግሞ 6፡00 ብሎ። ሦስቱም ስለ አንዲት ቅጽበት ነው የሚናገሩት።